ገበያውን ከወንዙ ዳር ያስነሳችው ሴት

አንድ የገበያ ከተማ ነበረች፤ ገበያዋ የሚቆመው ከወንዙ ዳር ባለው ደልዳላ አሸዋ ላይ ነው። በዚያች ከተማ የምትኖር የሺመቤት የምትባል ገመድ ሻጭ፣ ባሏን የወንዝ ሙላት ከወሰደባት ወዲህ፣ ወንዙ አንድ ቀን ገበያተኛውን ጠርጎ ይሄዳል የሚል ስጋት እንቅልፍ ነሳት። አገረ ገዢው ሕዝቡን በሰበሰቡበት ቀን ተነስታ “ገበያው ከዚህ ይነሳ፣ ወደ ላይኛው ሜዳ ይውጣ!” አለች።

የገበያው ሹም ነጋድራስ ይርሳው “ምክንያትሽ ምንድን ነው?” ብለው ጠየቋት።

የሺመቤት ምክንያቱን ትታ የባሏን አሟሟት እያለቀሰች ተናገረች። ሴቶቹ አብረዋት አነቡ። በዚህ ልቧ ሞቅ ብሎ ወደ ነጋድራስ ዞረችና “እርስዎ የሚያስቡት ለሹመትዎ ብቻ ነው!” አለቻቸው።

ነጋድራስ አልተቆጡም። “ሐዘንሽ የሁላችንም ነው። ነገር ግን ባልሽ የሞተው ወንዝ ሲሻገር እንጂ ገበያ ውሎ አይደለም። የእኔ ሹመትም ወንዙን አያመጣውም፣ አያስቀረውም” አሉ። ሕዝቡ እንባውን ጠራርጎ ወደ ቤቱ ሄደ። ገበያውም ባለበት ቀረ።

የሺመቤት በገነች። ሰንብታ ግን አንድ ነገር ከነከናት፤ ነጋድራስ ለምን እምቢ እንዳሉ አንድም ቀን ጠይቃቸው አታውቅም። ቤታቸው ሄደች።

“ጌታዬ፣ ልሟገት አልመጣሁም። ገበያው እንዲነሳ የማይፈልጉት ለምንድን ነው?”

“ላይኛው ሜዳ ውሃ የለውማ፣ ልጄ። ከሩቅ ተነድቶ የመጣ ከብት ምን ይጠጣ? ከብት ካልመጣ ደግሞ ገበያም የለ።”

የሺመቤት ይህን አስባው አታውቅም ነበር። ከዚያ ወዲህ ገበያ በወረደች ቁጥር ዓይኗ ወንዙንና ዳርቻውን ያጤን ጀመር።

ሰኔ ሲገባ ገዢው ሕዝቡን እንደገና ሰበሰቡ። የሺመቤት ተነሳች።

“ነጋድራስ የሚሉት እውነት ነው። በበጋ ላይኛው ሜዳ ደረቅ ነው፣ ከብትም ያለ ውሃ አይውልም። ስለዚህ ለሁልጊዜ ይነሳ ማለቴን ትቻለሁ። በክረምት ግን የሜዳው ኩሬዎች ይሞላሉ፤ ወንዙም የሚያሰጋው ያኔ ነው። ክረምቱን ወደ ላይ እንውጣ፣ ሲበጋ እንመለስ።”

“ወንዙ እስከ ገበያው እንደሚደርስ በምን አወቅሽ?” አሉ ገዢው።

“ይምጡና ይዩት።”

ተያይዘው ወረዱ። ቅቤ ሻጮቹ ጥላው ሥር የሚቀመጡበት ሾላ ቅርንጫፎች ላይ፣ ሰው እጁን ቢዘረጋ ከማይደርስበት ከፍታ፣ ጭቃ የደረቀበት ገለባና የዛፍ ሥር ተሰክቶ ነበር።

“ይህን ሰው አልሰቀለውም፤ ንፋስም ጭቃ አይለጥፍም። አምና ሙላቱ ገበያ በሌለበት ቀን መጥቶ ሄደ፣ እኛ አሸዋው ላይ የቀረውን ጭቃ የዝናብ ነው ብለን አለፍነው” አለች የሺመቤት።

ነጋድራስ ቀና ብለው ጭቃውን አዩ። “ውሃው እዚህ ደርሷል። ክረምቱን ይነሳ” አሉ።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ፣ ገበያው በሞቀበት ሰዓት፣ ወንዙ ገንፍሎ ወጣ። ገበያተኛው ላይኛው ሜዳ ላይ ቆሞ ሾላው ከነሥሩ ተነቅሎ ሲሄድ ተመለከተ።

“ገበያው ይነሳ” ማለት አቋም ነው፤ አቋም ብቻውን ማንንም አያንቀሳቅስም። ምክንያት ይፈልጋል፣ ምክንያት ደግሞ ማስረጃ ይፈልጋል። እንባ ልብ ይነካል፣ ነገር ግን “ለምን?” ለሚል ሰው መልስ አይሆንም። ስድብማ ጭራሽ ጆሮ ይዘጋል። የሺመቤትን ከሁሉ በላይ የረዳት የተቃዋሚዋን ሐሳብ ከራሱ አፍ መስማቷ ነው፤ እውነት የሆነውን ተቀብላ አቋሟን አረመች፣ የቀረውን በማስረጃ መለሰች።

እናንተስ በቅርቡ የተከራከራችሁትን ሰው ዋና ምክንያት፣ እሱ ራሱ “አዎ፣ ያልኩት ይህንኑ ነው” እስኪል ድረስ አጥርታችሁ መናገር ትችላላችሁ?