የሚዳቋ አልቦና የቀበሮ ሚዛን

ጆሮ ያለው ይቅረብ፣ እንቅልፍ የያዘው ግድግዳ ይደገፍ። በጥንት ዘመን፣ አራዊት ሁሉ ገበያ ወጥተው በሚሸጡበትና በሚለውጡበት ጊዜ፣ ስሟን በረሳናት አንዲት አገር አንዲት ሚዳቋ ነበረች። ከእናቷ የወረሰችው የብር ጌጥ ነበራት፤ አምባር፣ ድሪ፣ ደግሞም ስትራመድ እግሯ ላይ የሚንሿሿ አንድ ጥንድ አልቦ።

በዚያች አገር ጌጥ የሚገዛው ቀበሮ ብቻ ነበር። ወጉ ግልጽ ነው፤ ጌጡ በአንዱ የሚዛን ሳህን፣ ጠገራ ብር በሌላው ይቀመጣል። ሁለቱ እኩል ሲሆኑ ሻጭ ጠገራውን ይዞ ይሄዳል። ቀበሮ ግን ከሚዛኑ በፊት ሰላምታ ያስቀድም ነበር። እንዴት ያለ ሰላምታ! ማር የተቀባ።

ባሏ የታመመ ጊዜ ሚዳቋ አምባሩን ይዛ ሄደች።

«እንዴት ነሽ እህቴ ሚዳቋ? ቤቱስ? ባልሽስ?»

«አዬ አያ ቀበሮ! ባሌ ተኝቷል። መድኃኒተኛው ካልተከፈለኝ ቅጠል አልበጥስም ብሏል።»

«እኔን ያስቀድመኝ!» አለ ቀበሮ ደረቱን እየመታ። ጠገራውን ደረደረ፤ የአምባሩ ሳህን ገና ዝቅ ብሎ ሳለ እጁን ሰበሰበ። «ይበቃል፤ ብር ረክሷል። ካልሆነ ውሰጂው።»

የት ትውሰደው? ተቀብላ ሄደች። መንገድ ላይ እንኳ «ደግ ነው፣ ስለ ባሌ ጠየቀኝ» ትል ነበር።

ባሏ ሞተ። ለተዝካሩ ድሪውን ይዛ ሄደች።

«እንዴት ነሽ እህቴ ሚዳቋ? ቤቱስ? ልጆቹስ?»

«አዬ አያ ቀበሮ! ተዝካሩ ደርሷል፣ ዘመድ እየመጣ ነው፣ እኔ ገና ጌሾ እንኳ አልገዛሁ።»

«እኔን ያስቀድመኝ!» አለ ደረቱን እየመታ። ሳህኑ ከፊተኛው የባሰ እንደተዛባ እጁን ሰበሰበ። «ይበቃል፤ ብር ረክሷል። ካልሆነ ውሰጂው።»

ከዚያ ክረምት ገባ። የዘሩን ጤፍ ልጆቿ በልተውታል፤ መሬቱ ታርሶ ባዶውን ተኝቷል። ዝናቡ ሳያልፍ ካልዘራች ልጆቿ የከርሞ ሰው አይሆኑም። የቀራት አልቦው ብቻ ነው። ከእግሯ ፈትታ፣ በቅጠል ጠቅልላ ስትሄድ አባ ጃርትን ደጁ ተቀምጦ አገኘችው።

አባ ጃርት ከማንም ጋር የማይገጥም ሽማግሌ ነበር። ልጁ በታመመ ጊዜ የሚስቱን ጉትቻ ለዚያው ለቀበሮ ሸጧል። ዳኛ ዘንድ ቢጮህም «ወደህ ነው የሸጥከው!» ተብሎ ተመልሷል።

«ወዴት ነው?»

«ቀበሮ ዘንድ ነው፣ አባ ጃርት። አልቦዬን ሸጬ ዘር ልገዛ።»

«ዘር እንደሌለሽ ልትነግሪው ነዋ!»

«ከጠየቀኝ ምን ልበል? እሱ እንደሆነ ደግ ነው፣ ሳይጠይቀኝ አያልፍም።»

ጃርት መሬት ላይ ተፋ። «ደግ! ልጄ፣ እሱ ብሩን የሚመዝነው በኋላ ነው። መጀመሪያ የሚመዝነው አንቺን ነው። ችግርሽ የከበደ ዕለት ብርሽ ይቀላል።»

«ታዲያ ልዋሽ ነው የሚሉኝ? እኔ አልዋሽም።»

«ማን ዋሺ አለሽ? ተመስገን በይ። ተመስገን ውሸት ሆኖ አያውቅም። ሚዛኑ ሲጎድል ደግሞ አልቦሽን አንሺ።»

ቀበሮ ከሩቅ አይቷት ፈገግ አለ።

«እንዴት ነሽ እህቴ ሚዳቋ? ቤቱስ?»

«ተመስገን።»

«ልጆቹስ?»

«ተመስገን።»

«ዘንድሮ ዝናቡ ቸኮለ። ዘሩስ እንዴት ሆነልሽ?»

ሁሉም ምላሷ ላይ መጣ፤ ባዶው ጎተራ፣ ድስት የሚልሱት ልጆቿ። ዋጠችው።

«ተመስገን።»

ቀበሮ ጆሮውን አከከ። ዓይኗን አየ፣ ሆዷን አየ፤ የሚይዘው አጣ። «እንግዲያ አልቦውን ምን አስወጣው?»

«ይመዘን ብዬ ነው።»

ጠገራውን ደረደረ፤ የአልቦው ሳህን ገና ዝቅ ብሎ ሳለ እጁን ሰበሰበ። «ይበቃል፤ ብር ረክሷል። ካልሆነ ውሰጂው።»

ሚዳቋ አልቦዋን አነሳች። «ተመስገን። ደህና ዋል።»

ጀርባዋን ሰጥታው ሄደች። በልቧ ግን፦ ባይጠራኝስ? ልጆቼን ምን እላቸዋለሁ?

«ኧረ ነይ!» ጮኸ ቀበሮ። «እንዴ፣ ሰው ከሰው አይጫወትም? አንቺ ደግሞ ኩርፊያሽ!»

ተመለሰች። አልቦው ሳህኑ ላይ ተመልሶ፣ ቀበሮ አንድ ጠገራ ጨመረ። ዝም አለች። ሌላ ጨመረ። ዝም አለች። እያቃሰተ ጨመረ፣ ጨመረ፤ ሳህኖቹ እንደተጠመዱ በሬዎች ትከሻ እኩል ሆኑ።

«ሀብታም ሆነሻል መሰል» አለ ላቡን እየጠረገ። «ሌላም ጌጥ ካለሽ ወደ እኔ አምጪው።»

«ተመስገን» ብላው ጠገራዋን ቋጥራ ወደ እህል ተራ ሮጠች።

ዘራች። ዝናቡም አላመለጣት። አዲሱ ጤፍ ሲደርስ የመጀመሪያውን ቁና ተሸክማ ጃርት ደጅ ወረደች።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«የእርስዎ ነው፣ አባ።»

«እኔ ምን ሰጠሁሽ? የእኔን ጉትቻ እንደሆነ የሚመልሰው የለም።»

«የለም፣ አባ» አለች ሚዳቋ ጎንበስ ብላ። «እርስዎ ግን ከደረሰብዎ በደል ለልጆቼ ዘር አወጡልኝ። ውለታዎን በምን እከፍላለሁ?»

ሽማግሌው ዓይኑን ሲጠርግ አቧራ የገባበት አስመሰለ። «እንግዲያ ለእኔ አትክፈይ። ነገ ጌጥ ይዞ በደጅሽ ለሚያልፈው ንገሪልኝ።»

ነገረች። የነገረቻቸውም ነገሩ። በሚቀጥለው ገበያ ቀበሮ ማንን ቢጠይቅ መልሱ ተመስገን ብቻ ሆነበት። እሱም ሰላምታውን አሳጠረ፣ ሚዛኑን አቀና።

የዚያች አገር ሰዎችም ከዚያ ወዲህ እንዲህ ይላሉ፦ ችግር ለወዳጅ፣ ብር ለሚዛን።