አለሁ የሚለው ማሽን

የጥሩነህ መርዶ ለሚስቱ ለውዴነሽ የደረሳት ገና ሳይነጋ ነው። ባሏ ለሥራ ወደ ጅማ ከሄደ ሰንብቷል። ጎረቤቶቿ ተሰብስበው በሩን ሲያንኳኩ ማንም ሳይናገር ገባት። ልቡ ድንገት ቆመ አሏት።

ከቀብር መልስ፣ ድንኳኑ ውስጥ፣ የባሏ እህት የሺመቤት እንባዋን እየጠረገች ጠየቀቻት።

«በየቀኑ አይደል እንዴ የምትደዋወሉት? እንዴት ሳይታወቅሽ ቀረ?»

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ይለኝ ነበር።»

«ታዲያ ይመስገን ያለ ሁሉ ደህና ነው?»

ውዴነሽ ይህንኑ ጥያቄ ከመርዶው ጀምሮ ራሷን ስትጠይቅ ነበር። ለጥሩነህ የኮምፒውተር ሥራ ያስተማሩት ጋሽ ልሳኑ ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። ምርኩዛቸውን አስተካክለው እንዲህ አሉ።

«አንድ ማሽን ጠባቂ ነበረ። የአንድ ትልቅ ሆስፒታል ኮምፒውተሮች በእጁ ነበሩ። የበሽተኛው ሁሉ ታሪክ፣ የማይስማማው መድኃኒት ሳይቀር፣ እዚያ ውስጥ ነው ያለው። ሰውየው ሁሉን ዞሮ ማየት ስለማይችል ብልሃት ፈጠረ። በየደቂቃው ለእያንዳንዱ ማሽን ‹አለህ ወይ?› የሚል ጥያቄ ይልካል። ማሽኑ ‹አለሁ› ሲል ሰሌዳው ላይ አረንጓዴ ይበራል። ጠባቂው እሱን እያየ ይደሰታል። መልሱ ፈጠን እንዲል ደግሞ ደከመበት፤ ‹አለሁ› ማለቱ ከዐይን ጥቅሻ ፈጠነ።

አንድ ቀን ከካርድ ክፍል ተደወለለት።

‹ሲስተም የለም።›

‹አለ እንጂ! ፊት ለፊቴ አረንጓዴ እየበራ?›

‹እንግዲያስ አረንጓዴህን እንደ ጎመን ቀቅለህ ብላው! እዚህ ሰው ተሰልፏል፤ አንዷ ምጥ ላይ ናት።›

ጠባቂው ተቆጣ፤ ግን ተነሥቶ ወረደ። ካርድ አውጪዋ ወንበር ላይ ተቀመጠና ማሽኑን ‹አለህ ወይ?› ሳይል ሥራ አዘዘው፤ የሴትዮዋን ካርድ አምጣ አለው። ማሽኑ ዝም። ቢጠብቅ፣ ቢጠብቅ፣ ዝም። ለካ ‹አለሁ› የሚለው ደጅ የቆመው በረኛ ነው። እልፍኙ ውስጥ ሥራው ተደራርቦ፣ አንዱ ሌላውን አንቆ ይዞት ኖሯል። ጠባቂው ታግሎ ካርዱን ሲከፍተው ሐኪሞቹ መጠበቅ አቅቷቸው ሴትዮዋን ማዋለጃ ክፍል አስገብተዋታል፤ የማይስማማትንም መድኃኒት ሰጥተዋታል። አልተነሣችም።

ከዚያ ወዲያ ያ ሰው የማሽንን ‹አለሁ› አላመነም። በየጊዜው እውነተኛ ሥራ ያዘዋል። መልሱ ምን ያህል እንደቆየ ይለካል። መዘግየት የጀመረውን ሳይሞት ይደርስለታል።»

ጋሽ ልሳኑ ወደ ውዴነሽ ዞሩ።

«ልጄ፣ የእኛም ነገር እንደዚሁ ነው። ‹ደህና ነህ?› ስንል በረኛውን ነው የምንጠይቀው። ‹ይመስገን› የሚለንም በረኛው ነው። እልፍኙን ያየ የለም። አንቺ ብቻ አይደለሽም፤ እዚህ ድንኳን ውስጥ የተቀመጠ ሁሉ ያንኑ ጠይቆ ያንኑ ሰምቷል።»

የሺመቤት አንገቷን ደፋች። ውዴነሽ ግን፣ «ጠባቂው ማን ነበር፣ ጋሽ ልሳኑ?» አለች።

ሽማግሌው ቀና ብለው አላዩአትም። «ባልሽ ነበር።»

ቃሉ ሊያጽናናት የተነገረ ነበር፤ አላጽናናትም። ያን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ለእሷ በረኛውን አቁሞላት ኖሯል። ደግሞ አንድ ነገር ትዝ አላት። በመጨረሻዎቹ ቀናት «ደህና ነህ?» ስትለው፣ ከጥያቄዋና ከመልሱ መካከል ያለው ዝምታ እየረዘመ፣ እየረዘመ መጥቶ ነበር። እሷ ኔትወርኩ ነው ብላ ስልኩን ወደ መስኮቱ ታስጠጋ ነበር።

ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ የጥሩነህ የክርስትና ስሙ ወልደ ሰንበት ነው። ዐርፏል፣ አሁንስ ደህና ነው ብላችሁ አትለፉት። ጸልዩለት።