ስድስት ነጥብ የምታወጣ ቃል

አንዲት ሴት ነበረች። አንቺ «ተማሪ የማላውቀውን ቢጠይቀኝ ምን ልመልስ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ፤ እሷ ግን ማንንም አልጠየቀችም።

የተማረች፣ ዓይነ አፋር ሴት ነበረች። በምታስተምርበት ከተማ መምህራኑ ቅዳሜ ቅዳሜ ፊደል የተጻፈባቸውን ትናንሽ እንጨቶች እየደረደሩ የእንግሊዝኛ ቃል የመሥራት ጨዋታ ይጫወቱ ነበር። እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ነጥብ አለው። እሷ ቃላቱን ከነነጥባቸው ሸምድዳ ሁሉንም ትረታለች። ትርጉማቸውን ጨዋታው አይጠይቅም፤ እሷም አትጠይቅም።

አንድ ቅዳሜ አንድ ገበሬ የመድኃኒት ጠርሙስ ይዞ መጣ።

«ልጄ፣ ያለችኝን አንዲት ላም መዥገር ፈጃት። ይህ ይጠጣል ወይስ ይቀባል?»

ጠርሙሱ ላይ በእንግሊዝኛ «ዲፕ» የምትል አጭር ቃል አየች። ስድስት ነጥብ እንደምታወጣ ወዲያው አወቀች። ሌላ ምንም አላወቀችም።

«እሷን ነው የምትጠይቃት?» አለ አንዱ መምህር እየሳቀ። «መዝገበ ቃላቱ ራሱ እሷን ነው የሚጠይቃት!»

አፈረች። «ይጠጣል» አለች። ገበሬው መርቋት ሄደ።

ቤቷ ገብታ መዝገበ ቃላት ገለጠች። አንዱ ትርጉም መንከር ይላል፤ አንዱ ቁልቁለት፤ አንዱ ደግሞ ዳቦ የሚጠቀስበት ማባያ። ማባያ ከሆነ ይበላል። መንከር ከሆነስ? ምኑን? ላሟን? ግራ ገባት። ለራሷ የሚመቻትን ትርጉም ስትፈልግ፣ ገጹን ስታገላብጥ ብዙ ቆየች። በመጨረሻ መድኃኒቱ ከብት የሚነከርበት እንጂ የሚጠጣ እንዳልሆነ ገባትና ነጠላዋን አንስታ እየሮጠች ወጣች።

ላሚቱ ደጃፉ ላይ ተዘርራ ነበር።

«አላውቅም ነበር» አለችው።

ገበሬው ቀና ብሎ አያት። «እኔም አላውቅም ነበር፤ ለዚህ አይደል የመጣሁት? እንዲያ ብትይኝ ሌላ ሰው እንጠይቅ ነበር እኮ።»

እንግዲህ ልጄ፣ ተማሪሽም እንደዚያ ገበሬ ነው። አለማወቅሽ አይጎዳውም፤ አለማወቅንማ ከቤቱ ይዞ ነው የሚመጣው። የሚጎዳው፣ የእሱን አለማወቅ ተቀብለሽ የውሸት እውቀት አስይዘሽ ስትሸኚው ነው። «አላውቅም፤ ና አብረን እንጠይቅ» በዪው።

ይህን ሃያ ዓመት ሙሉ ስናገር «ደረሰችለት፣ ላሟም ዳነች» እያልኩ ነበር የምጨርሰው። ያቺ ሴት እኔ ነኝ። አልደረስኩም።