ንባቡን ጨርሰው ወደ በሩ የሄዱት ሰው

አንድ ኤርሲዶ የሚባሉ ገበሬ ነበሩ። በከምባታ ኮረብታ ላይ ባለች ትንሽ የካቶሊክ ጸሎት ቤት የእሁዱን ንባብ ለምእመናን የሚያነቡት እሳቸው ነበሩ። ድምፃቸው የጠራ፣ አነባበባቸው የረጋ ስለሆነ ካህኑ እንኳ «አቶ ኤርሲዶ ሲያነቡ መስማት ጾም ያስረሳል» እያሉ ያመሰግኗቸው ነበር። የእሁድ ንባባት በየሦስት ዓመቱ ዞረው ስለሚመጡ ኤርሲዶ ብዙዎቹን ደጋግመው አንብበዋል፤ አንዳንዱንም በቃላቸው ይዘውታል።

በዚያች ጸሎት ቤት ማንም ያልደነገገው፣ ማንም ግን የማይጥሰው ልማድ ነበር። አራሾቹ በአግዳሚ ወንበር ይቀመጣሉ፤ ሸክላ ሠሪዎቹ በበሩ አጠገብ ሰሌን ላይ። ካህኑ «ሰላም ተሰጣጡ» ሲሉ ሰላምታው ከወንበር ወደ ወንበር ይተላለፍና ከመጨረሻው ወንበር ላይ ይቀራል። ከሸክላ ሠሪ ጋር ማዕድ መቅረብ ነውር ነው። ፀጉራቸው የሸበተውን እንኳ አንቱ የሚላቸው አልነበረም። ኤርሲዶ ክፉ ሰው ሆነው አይደለም፤ ተወልደው ያገኙትን ይዘው ኖሩ።

በጳጉሜን በዋለ አንድ እሁድ የያዕቆብ መልእክት ተራው ደረሰ። ሲጥል ያደረው ዝናብ በጣሪያው ሾልኮ ሰሌኑን አርሶት ነበርና፣ ሉቺያ የሚባሉ አሮጊት ሸክላ ሠሪ መቀመጫ አጥተው ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። ኤርሲዶ ማንበብ ጀመሩ። ያማረ ልብስ የለበሰውን በክብር አስቀምጦ ድኻውን «አንተ እዚያ ቁም» ስለሚለው አማኝ የተጻፈው ቦታ ላይ ሲደርሱ ቀና አሉ። ዓይናቸው ከሉቺያ ዓይን ጋር ገጠመ። ንባቡን አቋረጡ። ሰዉ መስመር የጠፋቸው መሰለው።

እንደ ምንም ጨረሱ። ሕዝቡም እንደ ልማዱ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ መለሰ። ኤርሲዶ ግን ወደ ወንበራቸው አልተመለሱም፤ በሰዉ መካከል አልፈው ቀጥ ብለው ወደ በሩ ሄዱ።

«እናቴ ሉቺያ፣ ይምጡ፤ ከእኔ ጋር ይቀመጡ» አሉ።

አንቱታውን የሰማ ሁሉ ዞረ። ሉቺያ ግን ከቆሙበት ንቅንቅ አላሉም።

«አቶ ኤርሲዶ፣» አሉ ቀስ ብለው፣ «እኔ የሠራሁት ማሰሮ ጓዳዎ ድረስ ይገባል። እኔ ግን አጥርዎን አልፌ አላውቅም። ዛሬ ወንበር ላይ አስቀምጠውኝ ነገ በመንገድ ሲያዩኝ ፊትዎን ካዞሩ፣ መቆሙ ይሻለኛል።»

ኤርሲዶ «እውነትዎን ነው። እንግዲያው ቤቴ ገብተው ከማዕዴ እስኪቆርሱ ድረስ እኔም እዚሁ ከእርስዎ ጋር እቆማለሁ» አሉ።

ቆሙም። ቅዳሴው እስኪያልቅ ከአጠገባቸው አልተለዩም። ሰላም መሰጣጫው ሲደርስ በሁለት እጃቸው የሉቺያን እጅ ያዙ። በሸክላ ሥራ የሻከረውን ያን እጅ ከዚያ በፊት ነክተውት አያውቁም ነበር።

ወሬው ከእሳቸው ቀድሞ መንደር ገባ። አቶ ሄራሞ የሚባሉት ጎረቤታቸው ለወንድ ልጃቸው የኤርሲዶን ልጅ በርናዴታን አጭተውለት ነበር። በማግስቱ መጥተው ደጅ ላይ እንደቆሙ፣ «ከሸክላ ሠሪ ጋር የሚበላ ቤት ልጄን አልድርም። ይተዉት አቶ ኤርሲዶ፤ ንባብ በቤተ ክርስቲያን ይነበባል፣ በቤተ ክርስቲያን ይቀራል» አሉ።

ኤርሲዶ ያን ቀን እህል አልቀመሱም። የራሳቸውን ክብር ቢያጡ ግድ የላቸውም፤ የልጅ ነገር ግን አንጀት ይበላል። በመጨረሻ በርናዴታን ጠርተው ነገሩን ሁሉ ነገሯትና «ምን ላድርግ ልጄ?» አሏት።

በርናዴታ እጮኛዋን ትወደው ነበር። አለቀሰች። ከዚያ ፊቷን ጠርጋ፣ «አባዬ፣ እሁድ አንተ ስታነብ እኔም ሰምቻለሁ። ያልሰማሁ ሆኜ ባገባ፣ የማን ልጅ ነኝ እላለሁ?» አለቻቸው።

ለመስቀል በዓል የኤርሲዶ አጥር በር ወለል ብሎ ተከፈተ። ሉቺያ ልጆቻቸውንና የልጅ ልጆቻቸውን አስከትለው በዋናው ደጅ ገቡ። የኤርሲዶ ባለቤት እጅ አስታጠበቻቸው፤ ቆጮውና ቅቤው ቀረበ፤ ሁሉም ከአንድ ገበታ በሉ። ኤርሲዶ የመጀመሪያውን ጉርሻ ለሉቺያ አጎረሱ። ሉቺያም መልሰው አጎረሷቸው። በአጥር ላይ አንገቱን አስግጎ የሚያየው ጎረቤት ብዙ ነው። የገባ ግን አልነበረም።

በሚቀጥለው እሁድ ኤርሲዶና ሉቺያ አንድ ወንበር ላይ ተቀመጡ። አብረዋቸው የነበሩት ተነሥተው ሌላ ቦታ ፈለጉ። እጮኝነቱ ፈረሰ፤ በርናዴታንም ለረጅም ጊዜ የጠየቃት አልነበረም። አቶ ሄራሞ እስከ ዕለተ ሞታቸው ኤርሲዶን ሰላም አላሏቸውም። ኤርሲዶ ግን ሲያማርሩ የሰማቸው የለም፤ እሁድ እሁድ ያነባሉ፣ ይወርዳሉ፣ ከሉቺያ አጠገብ ይቀመጣሉ። ቀስ በቀስ አንዲት መበለት መጥታ አብራቸው ተቀመጠች። ከዚያ አንድ ቤተ ሰብ። ዓመታት ሲያልፉ በዚያች ጸሎት ቤት ማን ከማን ወገን እንደሆነ በአቀማመጥ መለየት አቃተ።

ወዳጄ ሆይ፣ የእሁዱ ንባብ አንባቢው «የእግዚአብሔር ቃል ነው» ሲል ያለቀ ይመስለናል፤ ሥራው የሚጀምረው ግን ያኔ ነው። ቃሉን አሳምሮ ማንበብ ስጦታ ነው፣ ቃሉ ሲያነበን እሺ ማለት ደግሞ ድፍረት ይጠይቃል፤ ዋጋም ያስከፍላል። ኤርሲዶ ያንን ምዕራፍ ለዓመታት አንብበውት ነበር። አንድ እሁድ ግን ሰሙት።

አንተስ፣ አንቺስ፣ ባለፈው እሁድ የተነበበው ወደ ማን እንድትሄዱ ጠየቃችሁ?