ትርፍ እግር

በሰንበሌጥ አፋፍ አንድ ሰው የሚያስፈልገውን ሰጥቶ ያማረውን ሲያመጣ ማንም አይቆጣውም። አንዲት አባባል ጣል ያደርጉበትና ያልፋሉ። ታሪኩን የማያውቅ እንግዳ ሲሰማት ስለ ዕውርና ስለ ሽባ የተተረተች ይመስለዋል። አይደለም። የተተረተችው ስለ አንዲት አሮጌ ላንድሮቨር ነው። በተተረተችበት ጠዋት አቶ ጥላዬ እዚያው ነበሩ፤ ንዴታቸውም እስካሁን አልበረደም።

የመኪናዋ ባለቤት ወንድይፍራው የእኅታቸው ልጅ ነው። ዕድሜው ወደ አርባ ተጠግቷል፤ አላገባም። ከአፋፉ እስከ ገበያው እህልና ሰው እያመላለሰ ይኖራል። መኪናዋ በዕድሜ ትበልጠዋለች። ጣራዋ ሸራ ነው፤ አንደኛው በሯ በገመድ ይታሰራል፤ ሞተሯ ግን አያሳፍርም። አንድ እንከን ነበረባት። የፊት መብራቷ ደክሞ ከሁለት በሬ ርዝመት ወዲያ አያሳይም።

አቶ ጥላዬ መላውን ነግረውት ነበር። በጉልምስናቸው ከመንገድ ሥራ መኪኖች ጋር ስለኖሩ የሚሉትን ያውቃሉ።

«መብራቱ አይደለም የደከመው፤ ሽቦው ነው የዛገው» አሉት። «ጫፉን ፈግፍገው፣ መስተዋቱን እጠበው፣ አምፖሎቹን ለውጥ። በቃ፣ አለቀ።»

«እሺ ጋሼ።»

እሺ ከወንድይፍራው አፍ ጠፍቶ አያውቅም። የሚጠፋው ከጆሮው ነው።

በዚያ ሰሞን ደግሞ ትልቅ ጉዳይ ነበረበት። ከገደሉ ማዶ፣ ወይን አምባ፣ የአቶ ከፈለኝን ልጅ ትርንጎን ሊጠይቅ ሽማግሌ አሰናድቷል። ባለወፍጮው ሰብስቤም እሷኑ ሊጠይቅ ሽማግሌ አሰናድቷል። አቶ ከፈለኝ ትዕግሥት ያልፈጠረባቸው ሰው ናቸው። ለሁለቱም አንድ መልእክት ላኩ፦

«ደጄ ገበያ አይደለም። እሑድ፣ ፀሐይ ከጓሮዬ ዋርካ ጫፍ ስትደርስ፣ ደጄ ቆሞ ያገኘሁትን ሽማግሌ እሰማለሁ። ሁለቱም ወገን ከተገኘ ልጄ ትምረጥ። የቀረ ግን ቀረ።»

ትርንጎም በአክስቷ በኩል የራሷን ቃል ላከች፦ «ብቻ ይድረሱ በሏቸው፤ ሌላውን ለኔ ተዉት።»

ከዚህ የቀለለ ነገር አለ? መድረስ ብቻ ነው። ንግግር ማሳመር የለ፣ ጥሎሽ መቁጠር የለ። አቶ ጥላዬ ይህን ሲያስቡ ዛሬም ጭንቅላታቸውን በሁለት እጃቸው ይይዛሉ።

ሐሙስ ዕለት አንድ ልዋጭ ከከተማ በፒካፕ መጣ። እንደ ሌሎቹ ልዋጮች አሮጌ ጫማ በሳህን የሚለውጥ አይደለም፤ የመኪና ዕቃ በመኪና ዕቃ ነው የሚለውጠው። የላንድሮቨሯን መብራት በጣቱ ኳ ኳ አደረገው።

«ይቺ እኮ ዓይኗ ላይ ሞራ ወርዶባታል» አለ።

«ምን ይሻላታል?» አለ ወንድይፍራው።

ልዋጩ ከካርቶን ሁለት ክብ ፓውዛ አወጣ። ከባትሪው ጋር አገናኝቶ ሲያበራው፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የጎረቤት ፍየል ደንግጣ አጥር ዘለለች። ወንድይፍራው ፍየሏን ባየ ጊዜ አለቀለት።

«ስንት ነው?»

«ብር ማን ጠየቀህ? ከኋላዋ የተሰቀለውን ትርፍ እግር ስጠኝና ዓይኑን ውሰድ።»

«ስኮርታውን ነው የምትለው? ትርፍ ጎማዬን?»

«በአራቱ ትሄድ የለም እንዴ? በሬ አምስተኛ እግር ተሸክሞ ሲያርስ አይተሃል?»

ወንድይፍራው ከት ብሎ ሳቀ። ስቆም አላበቃ፣ ጎማውን ይፈታ ጀመር። አቶ ጥላዬ የደረሱት በዚህ መካከል ነው።

«አንተ፣ የተፈታው ጎማው ነው ወይስ አእምሮህ?»

«ጋሼ፣ እሑድ እኮ ነው! ወይን አምባ ከሩቅ ሊያየን ይገባል። በሁለት ኩራዝ ነው እንዴ ሚስት የምጠይቀው?»

«ሚስት የምትጠይቀው በእኛ ነው። እኛ የምንደርሰው በጎማ ነው።»

«አባቴ፣ ይመርቁት እንጂ!» አለ ልዋጩ። ከዚያም ወደ ወንድይፍራው ዞረና «አንተ ደግሞ ክሪኩን መርቅልኝ» አለው። ጎማ ሲቀየር መኪናዋ የምትነሳበትን ክሪክ ማለቱ ነው።

በገበያ ደንብ የሚመርቀው ሻጭ ነው። ገዢ ከፍሎ ሲጨርስ ሻጩ ከላዩ ጥቂት ጣል ያደርግለታል። አቶ ጥላዬ በዕድሜያቸው ገዢ ሲመርቅ ያዩት ያን ቀን ብቻ ነው። ወንድይፍራው ክሪኩን አንስቶ ሰጠ።

«አንተ! ክሪኩንም?»

«ትርፍ ጎማ ከሌለ ክሪክ ምን ይሠራልኛል ጋሼ?»

አቶ ጥላዬ ጀርባቸውን ሰጥተው ሄዱ። እውነቱን ነዋ!

እሑድ ማለዳ፣ ዶሮ ከጮኸ በኋላ፣ ሦስቱ ሽማግሌዎች መኪናዋ ላይ ወጡ። አቶ ጥላዬ ከፊት ተቀመጡ። መምሬ ወልደጊዮርጊስ መስቀላቸውን ይዘው ከኋላ ገቡ። ከጎናቸው ጋሽ እንግዳሸት ነበሩ፤ ጆሯቸው ከከበደ ቆይቷል፤ ሆኖም ሸምግልና ያለ እሳቸው አይሆንም። ገና ከመንደሩ ሳይወጡ እንቅልፍ ወሰዳቸው።

መብራቱስ መብራት ነበር፤ መቼም ይህን መካድ አይቻልም። ገደሉ ተገለጠ። ዛፉ ሁሉ ነጭ ሆነ። ወንድይፍራው መሪውን ትቶ መብራቱን የሚነዳ ይመስል ነበር።

«አዩልኝ ጋሼ? ያ ቀበሮ ታየዎት?»

«መንገዱን እይ።»

«መምሬ፣ ያቺን ግራር ያዩዋታል?»

«ልጄ፣ እኔ ግራር አይቼ አውቃለሁ» አሉ መምሬ።

የመኪናው መንገድ በድልድይ ዞሮ ነው ወይን አምባ የሚደርሰው። ከአፋፉ ጫፍ ላይ አንድ መታጠፊያ አለ። እዚያ ሲደርስ የመኪናዋ አፍንጫ ወደ ገደሉ ዞረና ማዶ፣ ሩቅ፣ አንድ ቆርቆሮ ብልጭ አለ።

«ያውና! የትርንጎ ቤት!» ብሎ ጮኸ ወንድይፍራው።

ማዶውን ሲያሳይ፣ ከእግሩ ሥር ያለውን ስል ድንጋይ ወጣበት። ጎማው እንደ ጥይት ጮኸ። መኪናዋ አንድ ጎኗን አጋድላ ቆመች።

ጋሽ እንግዳሸት እንደተኙ ናቸው።

«ጎማ ቀይር» አሉ አቶ ጥላዬ፣ ወደ ፊት እያዩ።

«ጋሼ...»

«ቀይር እንጂ። ፀሐይ አትጠብቀንም።»

«ጋሼ፣ እባክዎ።»

«ልዋጩን ጥራዋ! ይመርቅህ!»

ወንድይፍራው ወርዶ ድንጋይ መከመር ጀመረ። በግንድ ሊያነሳት ሞከረ፤ ግንዱ ተሰበረ። ጎማው ወልቆ ቢሆን ሣር ጠቅጥቆበት ቀስ እያለ በሄደ ነበር፤ ያለ ክሪክ ግን ማን ያወልቀዋል? እንዲታየው ብሎ ሞተሩንም መብራቱንም አላጠፋም። በእግር እንዳይሄዱ ገደሉን የሚያቋርጠው የበቅሎ መንገድ ለጤነኛ ሁለት ሰዓት ይፈጃል፤ የአቶ ጥላዬ ጉልበት ደረጃ እንኳ አያወርድም፤ መምሬ ሰማንያ አልፏቸዋል።

በዚህ ጊዜ ከመንገዱ ዳር ካለ ግራር ሥር የበቅሎ ልጓም ተንኳኳ። ሦስት ነጭ ጋቢ የለበሱ ሰዎች ብቅ አሉ። የሰብስቤ ሽማግሌዎች ናቸው። የበቅሎው መንገድ የሚጀምረው ከዚያው መታጠፊያ ነው፤ ቁልቁለቱ ቋጥኝ ስለሆነ በጨለማ አይወረድም። ሲነጋ ሊወርዱ ተቀምጠው ነበር። ሲነጋ ቢወርዱ ደግሞ ፀሐይዋ ዋርካውን ታልፍባቸው ነበር። ይህን እነሱም ያውቃሉ፤ ተስፋ ቆርጠው፣ ለይሉኝታ ያህል ነበር የሚሄዱት።

አሁን ግን ቋጥኙ ሁሉ እንደ ቀን ወለል ብሎ በርቷል።

ታላቃቸው አቶ አሰግድ የመኪናዋን መብራት አዩ፤ ቁልቁለቱን አዩ፤ አቶ ጥላዬን አዩ።

«እንዴት አደርክ ጥላዬ?»

«ይመስገን።»

«ምነው ቆማችሁ?»

«ጎማ ነው።»

«ወይ ጉድ! በቅሎዬን ባዋስኩህ ነበር። ግን የምትሄድበትን አውቀዋለሁ።»

በቅሎዎቻቸውን እየሳቡ መውረድ ጀመሩ። ወንድይፍራው ነገሩ የገባው ያን ጊዜ ነው። ድንጋዩን ጥሎ መብራቱን ሊያጠፋ ሮጠ። መምሬ ወልደጊዮርጊስ በመስኮቱ እጃቸውን ሰደው ክንዱን ያዙት።

«ተው!»

«መምሬ፣ እኔን ሊቀድሙ እኮ ነው! በኔው መብራት!»

«ሰው ገደል ላይ ነው ያለው። አሁን ብታጠፋው ነፍስ ታጠፋለህ።»

ወንድይፍራው አቶ ጥላዬን አየ። አቶ ጥላዬ ንዴታቸው አንገታቸው ደርሷል፤ ግን ሽማግሌ ናቸው።

«አብራላቸው» አሉ፣ ጥርሳቸውን ነክሰው።

ወንድይፍራው እጁን ከማብሪያው ላይ አነሳ። ከሥር፣ ከቋጥኙ መካከል፣ የአቶ አሰግድ ድምፅ ተሰማ፦

«ወንድይፍራው! ብርሃን ያውጣህ፣ እግዜር ይስጥልን! ትንሽ ወደ ግራ ብታዞርልንስ?»

«አትዞርም!» ብሎ ጮኸ ወንድይፍራው። ድምፁ ሊያለቅስ የደረሰ ሰው ድምፅ ነበር።

ነጋ። ሰዎቹ ሸለቆውን ተሻገሩ፤ እንደ ጉንዳን ትንንሽ ሆነው ማዶውን ወጡ። ፀሐይዋ ዋርካው ጫፍ ልትደርስ ጥቂት ሲቀራት ሦስት ነጭ ነጠብጣቦች ከቆርቆሮው ቤት ደጅ ቆሙ። በሩ ሲከፈት ታየ። ከጓሮው ደግሞ አንዲት ቀይ ነጠላ ያጣፋች ሴት ወጥታ፣ ወደ አፋፉ እያየች ብዙ ቆመች። ከዚያ ተጠርታ ይመስላል፣ ገባች፤ በሩም ተዘጋ።

ወንድይፍራው ከተከመረው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነበር። መብራቱ በፀሐይ መካከል አሁንም እንደበራ ነው፤ የሚያየው የለም።

ያን ጊዜ ጋሽ እንግዳሸት ከእንቅልፋቸው ነቁ። ጋቢያቸውን አስተካክለው ለመውረድ ተሰናዱ።

«ደረስን?»

«አልደረስንም!» ብለው ጮኹባቸው አቶ ጥላዬ።

«ምን አቆመን?»

«ጎማ!»

«ትርፉስ?»

«ሸጦታል!»

«በምን?»

«በመብራት!»

ጋሽ እንግዳሸት የበራውን መብራት አዩ፤ የተኛውን ጎማ አዩ፤ ማዶ የተዘጋውን በር አዩ። በመጨረሻ ድንጋዩ ላይ የተቀመጠውን ወንድይፍራውን ከእግር እስከ ራሱ አዩትና፣ ለራሳቸው የሚያወሩ ያህል ቀስ ብለው፣ «ዓይን ገዛ እግሩን ሸጦ፣ አገሩን አየ ተቀምጦ» አሉ።