ደብሪቱ፣ አይጧና የባቄላው ሽል

ጠጋ ጠጋ በሉ ልጆች፤ ይህ ተረት እየጮኹ አይነገርም።

በድሮ ዘመን ደብሪቱ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ልቧ ሩኅሩኅ ነው፤ «ልጆቼ» ብሎ የለመናትን እንቢ ማለት አታውቅም። ሁለት ልጆች ቀብራለች። የቀረቻት ትንሿ ትርንጎ ብቻ ናት።

በቤቷ ግድግዳ ሥር ደግሞ አንዲት አይጥ ትኖር ነበር። እሷ ምላሷ ማር፣ ጥርሷ ምላጭ ነው።

የደብሪቱ ባል አዳሙ ሊሞት ሲል በሦስት ቅል የባቄላ ዘር አስቀመጠላት። «ደብሪቱ» አላት፣ «ቢቸግርሽ በሬውን ሽጪ። ቢብስብሽ ቤቱን ሽጪ። ዘሩን ግን እንዳትነኪ።»

ክረምቱ ሊገባ ሲል አይጧ ከጉድጓዷ ብቅ አለች።

«እሜቴ ደብሪቱ፣ ልጆቼን ብርድ ፈጃቸው! ካንደኛው ቅል የባቄላውን ልብስ፣ ቅርፊቱን፣ ልግፈፍና ላልብሳቸው። ልብሱ ምን ያደርግልዎታል? ፍሬው እንዳለ ነው።»

የደብሪቱ ልብ ራራ። «ውሰጂ» አለቻት።

ሰነበተችና አይጧ ተመለሰች።

«እሜቴ ደብሪቱ፣ ልጆቼን ረሃብ ፈጃቸው! ከሁለተኛው ቅል ከየፍሬው ክክ ልሸርፍላቸው። ሁሉን አልበላም፤ የሚበቅለውን እተውልዎታለሁ።»

የደብሪቱ ልብ ራራ። «ውሰጂ» አለቻት።

ደግሞ ሰነበተችና መጣች።

«እሜቴ ደብሪቱ፣ ልጆቼን በሽታ ፈጃቸው! ጠንካራ ነገር አልዋጥ አላቸው። በሦስተኛው ቅል ባለው ባቄላ፣ በሁለቱ ክክ መካከል አንዲት ሽል አለች፤ የጥፍር ቁራጭ አታህልም። እሷን ብቻ ልውሰድ።»

ትርንጎ የእናቷን ቀሚስ ጎተተች። «እማዬ፣ አባዬ አትንኪ ብሎሽ የለም እንዴ?»

«የጥፍር ቁራጭ ምን ታጎድላለች ልጄ? የሷም ልጆች ልጆች ናቸው» አለች ደብሪቱ።

አይጧ ወሰደች። የታመመ ልጅ እንኳ አልነበራትም። ከፍሬው ሁሉ የሚጣፍጠው ሽሉ መሆኑን ስለምታውቅ ነው።

ዝናቡ ወረደ። ደብሪቱ ዘራች። የጎረቤቱ ማሳ ሁሉ አረንጓዴ ሲሆን የሷ ግን ጥቁር እንደሆነ ቀረ።

ካንደኛው ቅል የዘራችውን በእጇ ጫረችው። ባቄላው ሻግቶ፣ ትል ወርሶት፣ ጣቷ ላይ ፈረሰ። ልብስ የለውማ! ከእርጥበትና ከሻጋታ የሚከልለው ያ ልብስ ነበር።

ከሁለተኛው ቅል የዘራችውን አየች። ጥቂት ቡቃያ ወጥቷል፤ ግን እንደ ክር የቀጠነ፣ የገረጣ። ቅጠል አውጥቶ ከፀሐይ ጋር እስኪተዋወቅ ድረስ ስንቁ ክኩ ነበር። ስንቁ መንገድ ላይ አለቀበት። ቡቃያው ጋደም አለ፤ አልተነሣም።

ወደ ሦስተኛው ሮጠች። አፈሩን ገለጥ ብታደርግ፣ ባቄላው ውሃ ጠጥቶ፣ አብጦ፣ አምሮበት ተቀምጧል።

«ትርንጎ! ነይ እይ!» አለች በደስታ።

ጠበቁ። ዛሬ ይበቅላል አሉ፣ አልበቀለም። ነገ ይበቅላል አሉ፣ አልበቀለም። ሥር የሚሰደው፣ ግንድ የሚሆነው፣ ቅጠል የሚያወጣው ሽሉ ነበር። ደብሪቱ አንዱን ፍሬ ፈልቅቃ አየችና እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ አለች።

«ልብሱ አለ» አለች ቀስ ብላ። «ስንቁም አለ። ልጁ የለም።»

በሬው ተሸጠ፤ ተበላ፤ አለቀ። ጎረቤትም ካለው ቢሰጥ እስከ መቼ ይሰጣል? ደብሪቱ ትርንጎን ቆላ ለሚኖረው አጎቷ ሰጠቻት።

ትርንጎ አላለቀሰችም። «እማዬ፣ የከርሞው ሲበቅል ትጠሪኛለሽ?» አለች።

«እጠራሻለሁ የኔ ዓለም።»

ቆላ ወባ አለ፣ ልጆች። ከርሞ ሳይደርስ አጎቷ ኩታውን አዘቅዝቆ መጣ። ደብሪቱ ገና ከሩቅ ስታየው አወቀች። አፈሩን በሁለት እጇ ዘግና ራሷ ላይ ነሰነሰች።

አይጧስ? ያልበቀለ አይታጨድ፤ ያልታጨደ ቅል አይገባ። የምትሰርቀው አጣች። አንድ ቀን አጥንቷ ወጥቶ፣ እየተንገዳገደች መጣች።

«እሜቴ ደብሪቱ... ልጆቼ...» አለች። ይህን ጊዜ እውነቷን ነበር። ሁሉም ሞተውባታል።

ደብሪቱ ድንጋይ አነሣች። ያዘችው፤ ያዘችው፤ መልሳ አስቀመጠችው።

«ሂጂ» አለቻት። «የምሰጥሽም የለኝ፤ የምመታሽበትም አቅም የለኝ።»

አይጧ ወደ ጉድጓዷ ገባች፤ ከዚያም አልወጣች።

እንግዲህ ልጆች፣ ርኅራኄ ደግ ነው፤ ለተራበ ከሌማታችሁ ስጡ። ከዘር ቅላችሁ ግን አትስጡ። ማር ምላስ ያለው ሁሉ «ትንሽ ናት፣ ምን ታጎድላለች» ሲላችሁ፣ ነገ ያለችው በዚያች ትንሽ ውስጥ መሆኑን እወቁ።

እኔ የሰማሁትን አወረስኳችሁ፤ እናንተም ላልሰማው አውርሱ።