የቤቱን ክዳን ለበሬ ያበላው ልጅ

አንድ ገበሬ ነበረ። ወንድሜ ሽባባው፣ «እህል ባቆም የአንጀቴ ነቀርሳ በረሃብ አይሞትም ወይ?» ብለህ ስለጠየቅኸኝ ነው ይህን የምነግርህ። ሐኪሟ «ከዚህ በላይ ከከሳ ቀዶ ጥገናውን አይችለውም» ብላለች፤ አንተ ምግብ ትተሃል። ስማኝ።

ገበሬው ብዙ ልጆችና አንድ ጥማድ በሬ ነበረው። የቤቱ ሥርዓት አንድ ነው፤ ልጅ ይወለዳል፣ ያርሳል፣ ተራው ሲደርስ ጎጆ ወጥቶ ቦታውን ለታናሹ ይለቃል። አንዱ ግን አልወጣም አለ። ከአባቱ ግድግዳ አስጠግቶ ጎጆ ቀለሰ፣ ሌላም ጨመረ፣ መተላለፊያውን ዘጋው። አባት፣ ልጄ ነው ብሎ አልጠረጠረም።

በሬዎቹ ከሱ። የአባት መሬት ጦሙን ሲያድር ከጎጆዎቹ ጀርባ ያለው ይታረሳል። ገበሬው በሬዎቹን ሌሊት እየወሰደ የሚያርስ ሌባ ከሩቅ የሚመጣ መሰለው። «የተራበ በሬ ለሌባ አያርስም» አለና የጭዱን ቤት ቆለፈ።

አንድ ቀን ዝናብ ጣለ። ጠብታው መኝታው ላይ! ቀና ሲል ሰማይ ታየው። ሮጦ ወጣ። ያ ልጁ ጣሪያው ላይ ቆሞ የክዳኑን ሣር እየነጨ ለበሬዎቹ ይጥላል፤ ቀንበሩ ገና ከጫንቃቸው አልወረደም።

«ኧረ በማርያም! አንተ ነህ?» አለ አባት።

«ታዲያ ማን መሰለህ፣ አባዬ? ጭዱን ቆለፍህ፤ በሬዎቼ ይራቡ እንዴ?»

«በሬዎቼ» አለ! የገዛ ልጁ! ገበሬው ያኔ ነው የጭዱን ቤት ከፍቶ፣ ዳኛ ጠርቶ ልጁን ያስወጣው። ቤቱ ግን እኩሌታው ተገልጧል።

ሽባባው፣ ሐኪሟ ስታስረዳን እኔም እንደዚያ አባት ክው አልኩ። ጠላት ከውጭ የገባ መስሎኝ ነበር። በእያንዳንዷ የሥጋ ቅንጣት ውስጥ እህሉን ጉልበት የሚያደርግ ማይቶኮንድሪያ የሚሉት አለ አለችን፤ በሬዎቹ እነሱ ናቸው። ነቀርሳው ያልወጣው ልጅ ነው። ከአንጀትህ ተወልዶ፣ ጊዜው ሲደርስ መርገፍ ሲገባው እንቢ ብሎ፣ በነዚያው በሬዎች እያረሰ ይሰፋል። እህል ብትነሳው ስብህንና ጡንቻህን ይነጫል። አቤት ጌታዬ፣ የሚያልቀው ያንተ ክዳን ነው!

ጾም ለነፍስ ነው፤ ለነቀርሳ ነው ያለህ ማን ነው? እሱን የምታስወጣው ዳኛ ሐኪሟ ናት። ጸሎቱን ለእኔ ተወው፣ እበረታለሁ። አንተ ቤትህን ክደን። ይኸው አጥሚቱ፣ ሳይበርድ ጠጣ።